ከልክ ያለፈ ኃይልና ዋጋው፤ ከቪዲዮ ጨዋታዎች ታሪክ

በአገራችን ሰንጠረዥ የተባለውን ጥንታዊ ጨዋታ የሚያውቅ አንባቢ፣ ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ ምን ያህል አቅመ ቢስ እንደ ሆነ ያስታውሳል። ፈርዝ የባላጋራውን ጠጠር የሚበላው በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ተራምዶ ነው። ይህ ደንብ ከፋርስና ከዐረብ አገር የመጣ ሲሆን፣ አውሮፓውያንም ተቀብለውት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጫወቱበት ኖረዋል። ዳሩ ግን በ1475 አካባቢ በስፔን አገር በቫሌንሲያ ከተማ የተጻፈ አንድ ሰነድ ፍጹም ሌላ ነገር ያሳየናል። በአውሮፓ ንግሥት የሚል ስም የወጣለት ይኸው ደካማ ጠጠር፣ በቀጥታም ሆነ በሰያፍ እስከ ሰሌዳው ዳር ድረስ እንዲገሠግሥ ተፈቅዶለት፣ በአንድ ጊዜ ከጠጠሮች ሁሉ የበለጠ ብርቱ ሆኖ ተገኘ። በ1497 በሳላማንካ የታተመው የሉሴና መጽሐፍ የአሮጌውንና የአዲሱን ደንብ ጨዋታዎች ጎን ለጎን ይዟል። ጣሊያኖች አዲሱን ጨዋታ ያበደ ሰንጠረዥ ብለው ጠሩት። ያበደው ግን ጤነኛውን ተክቶ፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ ቼዝ ብሎ የሚያውቀው ጨዋታ ሆነ፤ የእኛ ሰንጠረዥ ደግሞ አሮጌውን ፈርዝ ጠብቆ ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የቆየ ታሪክ ያነሣሁት ስለ ቼዝ ለመጻፍ አይደለም። በቫሌንሲያ የተደረገውን ነገር በዘመናችን የቪዲዮ ጨዋታ ነዳፊዎች ደጋግመው ስላደረጉት ነው። እንደሚታወቀው የጨዋታ ነዳፊ ቀዳሚ ተግባር ሚዛን ማስጠበቅ ነው፤ አንዱ መሣሪያ ሩቅ ቢመታ ቀስ ብሎ እንዲጎርስ፣ አንዱ ገጸ ባሕርይ ፈጣን ቢሆን ክንዱ እንዲላላ እያደረገ ወራት ይፈጃል። ታዲያ ይህ ሰው በብዙ ድካም ያቆመውን ሚዛን የሚያናጋ መሣሪያ ወይም ገጸ ባሕርይ በገዛ እጁ፣ እያወቀ፣ የሚያስገባው ስለ ምንድን ነው? ጥያቄው ለሙያ ባልደረቦቼ ፈጽሞ እንግዳ አይመስለኝም። እኛም ምሰሶውን ከሚጠበቅበት ጭነት በላይ እንዲሸከም አድርገን እንነድፋለን፤ ትርፉ ጥንካሬ ግን በነጻ አይገኝም፤ በብረቱና በሲሚንቶው ሒሳብ ላይ ተጽፎ ይታያል። በጨዋታም ነገሩ እንዲሁ ነው ብዬ አምናለሁ። የእነዚህን መሣሪያዎች ታሪክ በትክክል ለማንበብ የሚመረመረው የኃይላቸው ብዛት ሳይሆን፣ ለኃይሉ የሚከፈለው ዋጋ ምን እንደ ሆነና በምን ስፍራ እንደሚከፈል ነው።

አስቀድሞ ግን ሆን ተብሎ የተሰጠውን ኃይል ሳይታሰብ ከተገኘው መለየት ያስፈልጋል። በ1997 ሬር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለኒንቴንዶ 64 የሠራው ጎልደንአይ 007 ሁለቱንም አብሮ ይዟል። ኦድጆብ የተባለው ገጸ ባሕርይ ከሌሎቹ አጠር ተደርጎ በመሠራቱ፣ ቀጥ ተደርጎ የሚተኮስ ጥይት ከራሱ በላይ ያልፋል፤ እርሱን ለመምታት አፈ ሙዙን ዝቅ ማድረግ ግድ ነው። ስለዚህም በየቤቱ አራት ሆነው በአንድ ቴሌቪዥን ፊት የሚጫወቱ ወጣቶች ኦድጆብን መምረጥ እንደ ማጭበርበር ይቈጥሩት ነበር። በዚያው ጨዋታ ውስጥ ያለው ወርቃማ ሽጉጥ ግን በስሌት የተሠራ ነው። ያገኘውን ሁሉ በአንድ ጥይት ይገድላል፤ ነገር ግን የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ስለ ሆነ፣ የሳተ ሰው እንደ ገና እስኪያጎርስ ድረስ ባዶ እጁን እንደ ቆመ ይቈጠራል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ከነዚህ ሁሉ ረቂቅ ሆኖ የሚታየኝ ምሳሌ መሣሪያ ሳይሆን አንድ ሽማግሌ ነው። በኤፕሪል 1990 ኒንቴንዶ በጃፓን ያወጣው የመጀመሪያው ፋየር ኤምብሌም፣ ኢንተሊጀንት ሲስተምስ በተባለው ድርጅት ውስጥ ሾዞ ካጋ የነደፉት የጦር ስልት ጨዋታ ነው። ከአገሩ የተሰደደው ወጣት መስፍን ማርዝ ጥቂት ልምድ የሌላቸው ወታደሮችን አስከትሎ ሲነሣ፣ ጄጋን የተባለ አንድ አረጋዊ ፈረሰኛ አብሮት ይወጣል። (ስሙ ለጆሯችን ጀግና ከሚለው ቃል ጋር መቀራረቡ አጋጣሚ ነው።) ጄጋን ከሌሎቹ ሁሉ በማዕርግ የላቀ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ውጊያዎች ብቻውን የጠላትን ጦር ሊያስቆም ይችላል። በዚህ ጨዋታ የሞተ ወታደር ተመልሶ ስለማይነሣ፣ ጀማሪ ተጫዋች ሽማግሌውን ከፊት ማሰለፉ የማይቀር ነገር ነው።

ዋጋው የሚታወቀው ቆይቶ ነው። ወታደር ልምድ የሚያገኘው ራሱ ሲዋጋ ብቻ ነው፤ ጄጋን የገደለው ጠላት ሁሉ ለወጣቶቹ ትምህርት ሊሆን ይችል የነበረ ጠላት ነው። ሽማግሌው ራሱ ደግሞ ከዚያ ልምድ እምብዛም አይጠቀምም፤ የማደጊያው መጠን ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጓልና። ስለዚህ በየምዕራፉ በጄጋን የተመካ ተጫዋች መንገዱን ሲያጋምስ ያረጀ ፈረሰኛና ምንም ያልተማሩ ልጆች ይዞ ይቀራል። ይህን የነደፈው ሰው ለተጫዋቹ ብድር አቅርቦለታል ማለት ይቻላል፤ ወለዱንም የትም አልጻፈለትም። በኋላ በወጡት የዚሁ ተከታታይ ጨዋታዎች ውስጥ ተመሳሳይ አረጋዊ ደጋግሞ ስለ ታየ፣ ተጫዋቾች ዓይነቱን በጠቅላላው ጄጋን ብለው እስከ መጥራት ደርሰዋል።

የዚህ ታሪክ ማእከል ግን ዱም ነው። በቴክሳስ የሚገኘው ኢድ ሶፍትዌር የተባለው አነስተኛ ኩባንያ ዱምን ያወጣው በዲሴምበር 10 ቀን 1993 ነበር። የጨዋታውን የኮምፒውተር ሞተር የጻፉት ጆን ካርማክ ሲሆኑ፣ ከነዳፊዎቹ ዋነኛው ጆን ሮሜሮ ነበሩ። ተጫዋቹ በእጁ ይዞ ከሚዞራቸው መሣሪያዎች የመጨረሻው ቢ.ኤፍ.ጂ. 9000 ይባላል። የፊደሎቹ ትርጉም ትልቅ ጠመንጃ ማለት ሆኖ፣ በመካከሉ ያለው ቃል ግን ለዚህ መጽሔት ገጽ የሚመጥን ስላልሆነ እንለፈው።

ቢ.ኤፍ.ጂ. ሲተኮስ የሚሆነው እንዲህ ነው። ዱም ጊዜን የሚቈጥረው በሴኮንድ 35 ምት እያለ ነው። ተጫዋቹ ቃታውን ከሳበ በኋላ መሣሪያው 30 ምት ያህል፣ ማለትም ወደ 0.86 ሴኮንድ፣ እያጓራ ይቆያል እንጂ ምንም አይተፋም። ከዚያ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ኳስ ይወጣል። ኳሱ የነካውን ከ100 እስከ 800 ነጥብ በሚደርስና በዕጣ በሚወሰን መጠን ይጎዳል፤ ተጫዋቹ ራሱ ጨዋታውን ሲጀምር ያለው የሕይወት ነጥብ 100 መሆኑን ልብ ይሏል። ብዙ ሰው የመሣሪያው ሥራ በዚሁ የሚያበቃ ይመስለው ነበር። እውነተኛው ኃይሉ ግን የሚመጣው ከፍንዳታው በኋላ ነው። ኳሱ በፈነዳ በ16ኛው ምት፣ ፍንዳታው ከሆነበት ስፍራ ሳይሆን ተኳሹ በዚያች ቅጽበት ከሚገኝበት ስፍራ፣ ኳሱ በተተኮሰበት አቅጣጫ፣ በ90 ዲግሪ ማዕዘን ውስጥ የተዘረጉ 40 የማይታዩ ጨረሮች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ጨረር እስከ 1,024 የካርታ ልክ ድረስ ሄዶ በመንገዱ ያገኘውን የመጀመሪያ ዒላማ ይመታል፤ የጉዳቱም መጠን ከ1 እስከ 8 የሚወጣ ዕጣ 15 ጊዜ ተጥሎ የሚገኘው ድምር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። የአንድ ጨረር አማካይ ጉዳት 67.5 ነጥብ ይሆናል። 40ዎቹ በሙሉ በአንድ ትልቅ ዒላማ ላይ ቢያርፉ 2,700 ነጥብ ማለት ነው፤ በዚህ ላይ የኳሱ አማካይ 450 ሲጨመር 3,150 ይሆናል። በጨዋታው ውስጥ ከሁሉ የሚበረታው ጭራቅ ያለው የሕይወት ነጥብ 4,000 ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው ነዳፊዎቹ ልክ አልፈዋል ብሎ ቢፈርድ አይፈረድበትም።

ዋጋውን እንመልከት። አንድ የቢ.ኤፍ.ጂ. ተኩስ 40 ባትሪ ይበላል። ተጫዋቹ ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛው የባትሪ ብዛት 300 ሲሆን፣ የጀርባ ቦርሳ ካገኘ 600 ይደርሳል፤ ስለዚህ ያለ ቦርሳ 7 ጊዜ፣ በቦርሳ ደግሞ 15 ጊዜ ብቻ ይተኩሳል። ዋናው ቁም ነገር ግን ይኸው ባትሪ ፕላዝማ ለተባለው ሌላ ጠመንጃም የሚያገለግል መሆኑ ነው። የፕላዝማው ጠመንጃ በአንድ ባትሪ አንድ ጊዜ ሲተኩስ፣ የተኩሱ አማካይ ጉዳት 22.5 ነጥብ ነው፤ በ40 ባትሪ 900 ነጥብ ይወጣል። እንግዲህ ቢ.ኤፍ.ጂ. ከፕላዝማው እኩል ለመሆን ከኳሱ 450 ነጥብ ሌላ በዒላማው ላይ ቢያንስ 7 ጨረሮች ሊያሳርፍ ይገባዋል። ጨረሮቹ በ2.25 ዲግሪ ስለሚራራቁ፣ ያ ግዙፍ ጭራቅ እንኳ በ7 ጨረር የሚመታው ተኳሹ በግምት 300 የካርታ ልክ ያህል ሲቀርበው ነው። ከዚያ በራቀ ቍጥር የጨዋታው ታላቅ መሣሪያ ባትሪ ማባከኛ ይሆናል፤ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው ከጭራቁ እግር ሥር ገብቶ ለመቆም ለደፈረ ሰው ብቻ ነው። በተራ ጭራቆች ጭፍራ መካከል ለገባ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ጨረሮቹ ተከፋፍለው ክፍሉን በአንድ ጊዜ ይጠርጉለታል።

ጨረሮቹ ከተኳሹ እንጂ ከኳሱ አለመነሣታቸው ደግሞ ማንም አስቀድሞ ያላሰበው የሚመስል ጥበብ ወለደ። ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ፣ አንዱ ኳሱን ወደ ባዶ ግድግዳ ይተኩስና፣ ኳሱ እስኪደርስና እስኪፈነዳ ባለው ጊዜ ማዕዘኑን ዞሮ ባላጋራው ካለበት ክፍል ይገባል፤ ጨረሮቹም ኳሱ ፈጽሞ ባላየው ሰው ላይ ይወርዳሉ። ነገሩን ከጨዋታው ባሕርይ እያስተዋሉ የደረሱበት ጥቂቶች ነበሩ፤ የተቀረው ሰው በአስማት የሞተ ይመስለው ነበር። ኢድ ሶፍትዌር በዲሴምበር 23 ቀን 1997 የጨዋታውን ኮድ ለሕዝብ ክፍት ካደረገ በኋላ ግን ማንኛውም ማንበብ የሚችል ሰው ጨረሮቹን አንድ በአንድ ሊቈጥራቸው ቻለ። መሐንዲስ ለሆነ አንባቢ ይህን ኮድ ማየት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ጥፋት የተጻፈው በጣት በሚቈጠሩ መስመሮች ነው። ከመውጫው ቀን ሁለት ወር ቀደም ብሎ በተዘጋጀው የሙከራ ቅጂ መሣሪያው እጅግ ብዙ ትናንሽ ባለ ቀለም ኳሶችን ይረጭ ነበር። በዘመኑ ኮምፒውተር ላይ ያን ሁሉ ኳስ እየሳሉ ከማንቀሳቀስ፣ የማይሳሉ ጨረሮችን በአንድ ቅጽበት ማስላት ምን ያህል እንደሚቀል ለመገመት አያዳግትም።

በዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ዱም በሦስት ክፍል የተሠራ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል በነጻ ይታደል ነበር፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ቢ.ኤፍ.ጂ. አይገኝም። መሣሪያውን ለመያዝ ሙሉውን ጨዋታ በገንዘብ መግዛት ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ ከልክ ያለፈ ኃይልን ለገበያ ማባበያ ማድረግ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ልዩነቱ፣ በ1993 ገንዘቡን የከፈለ ሁሉ እኩል ማግኘቱና፣ ካገኘም በኋላ ባትሪውን ለመሰብሰብና ወደ ጭራቁ ለመቅረብ እንደ ማንኛውም ሰው መድከሙ ነው።

ተከታዮቹ ነዳፊዎች ይህን የዋጋ ሐሳብ በየበኩላቸው ለዋውጠውታል። በ1997 በኵዌክ 2 የመጣው አምሳያ በአንድ ተኩስ 50 ባትሪ ይፈጅ ነበር። በ2004 በዱም 3 ደግሞ ቃታው ተይዞ በቆየ መጠን ኳሱ እየበረታ የሚሄድ ሲሆን፣ ከልኩ በላይ የያዘው ሰው ግን መሣሪያው በእጁ ላይ ፈንድቶ ይገድለዋል። ከሁሉም የወደድኩት ይህንን ነው፤ ማስተንፈሻ የሌለውን የእንፋሎት ጋን ያስታውሰኛል።

ዱም በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1994 መጀመሪያ፣ ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሳንቲም ለሚሠሩ የጨዋታ ማሽኖች ሱፐር ስትሪት ፋይተር 2 ተርቦ የተባለውን የፍልሚያ ጨዋታ አወጣ። በመምረጫው ሰሌዳ ላይ 16 ተፋላሚዎች ይታያሉ፤ 17ኛው ግን ተሸሽጓል። ሳይሸነፍ ጎበዝ ሆኖ የዘለቀ ተጫዋች ከመጨረሻው ባላጋራ ፊት ሲደርስ፣ አንድ ጥቁር የለበሰ እንግዳ ድንገት ገብቶ ያን የተፈራ ባላጋራ በዐይን ጥቅሻ ይጥለውና ራሱ በስፍራው ይቆማል። ጃፓኖች ጎኪ፣ የተቀረው ዓለም አኩማ ይለዋል። መምረጫውን በተወሰኑ ተፋላሚዎች ላይ በቅደም ተከተል እያሳረፈ በመጨረሻ የተወሰኑ ቍልፎችን አብሮ የሚጫን ሰው ደግሞ ራሱ አኩማን ሆኖ መጫወት ይችላል።

የአኩማ ኃይል ምን ላይ እንደ ሆነ ለመረዳት የጨዋታውን መሠረት ማወቅ ይገባል። ከሩቅ የእሳት ኳስ የሚወረውር ተፋላሚ ሲወረውር ራሱን ለአፍታ ያጋልጣል፤ ባላጋራው ኳሱን ዘልሎ ይወርድበታል። የዘለለ ሰው ደግሞ በአየር ላይ ሳለ አቅጣጫውን መለወጥ ስለማይችል ከታች በሚነሣ ቡጢ ይመታል። እነዚህ ፍርሃቶች እርስ በርሳቸው ተጠባብቀው ጨዋታውን ያቆሙታል። አኩማ ግን የእሳት ኳሱን ዘልሎ በአየር ላይ ሳለ ወደ ታች ይወረውራል። ስለዚህ መዝለሉ አያጋልጠውም፤ መወርወሩም አያጋልጠውም፤ አብዛኞቹ ተፋላሚዎች ለዚህ ነገር ምላሽ የላቸውም። ለዚህ ሁሉ የሚከፍለው ዋጋ፣ ሌሎቹ ቀስ በቀስ አጠራቅመው የሚጠቀሙበት ልዩ የመጨረሻ ምት የሌለው መሆኑ ብቻ ነው፤ ያም ከሚያገኘው ጋር ሲነጻጸር ከቍጥር አይገባም።

በሳንቲም በሚሠራ ማሽን ፊት የተሸነፈ ሰው ሌላ ሳንቲም ያስገባል። ይህ እንግዲህ ቀልድ አልነበረም፤ ምስጢሩን የሚያውቅ አንድ ሰው የማሽኑን ቤት ሙሉ ሲያስከፍል ሊውል ይችላል። ኩባንያው በየማሽኑ የተተከለውን ሥራ ተመልሶ የሚያርምበት መንገድ በዚያ ዘመን ስላልነበረ፣ ሕጉን ያወጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሆኑ። በአሜሪካ የውድድር አዘጋጆች አኩማን በደንብ ከለከሉ። በጃፓን ደግሞ ነገሩ በነውር ተያዘ፤ ማንም በጽሑፍ ሳያግድ እርሱን መምረጥ የማይደረግ ነገር ሆኖ ቀረ። በ2008 ጨዋታው በአዲስ ሥዕል ሲወጣ ነዳፊው ዴቪድ ሰርሊን የአኩማን ኃይል ቀንሰው ወደ ውድድር ለመመለስ ሞክረው ነበር፤ አዲሱም አኩማ ግን ታገደ። ብዙ ሰው በዚህ ካፕኮምን ይወቅሳል። በእኔ አስተያየት ወቀሳው በከፊል ብቻ ትክክል ነው። አኩማ ሲፈጠር የተደበቀ ድንቅ ነገር እንዲሆን እንጂ ለውድድር አልነበረም፤ እንደ ድንቅነቱ ደግሞ ተሳክቶለታል። ስሕተቱ ተደባዳቢውን መፍጠር ሳይሆን፣ ያለ ዋጋ ለሰው እጅ አሳልፎ መስጠት ነበር።

ዋጋን በግልጽ የጻፈው ካውንተር ስትራይክ ነው። ይህን ጨዋታ በ1999 ሚን ሌና ጄስ ክሊፍ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ሃፍ ላይፍ የተባለውን ጨዋታ ለውጠው ሠሩት፤ በ2000 ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በይፋ አወጣው። ሁለት ቡድን በተከታታይ ዙሮች ይዋጋል፤ በየዙሩ መጀመሪያም እያንዳንዱ ሰው ባለው የጨዋታ ገንዘብ መሣሪያ ይገዛል። የመጀመሪያው ዙር በ800 ዶላር ይጀመራል፤ ከ16,000 በላይ ማከማቸት አይቻልም። ከመሣሪያዎቹ መካከል ከእንግሊዝ አገር ጠመንጃ ስሙ የተወሰደው ኤ.ደብልዩ.ፒ. የተባለው ባለ መነጽር ጠመንጃ አለ። እግር ካልሆነ በቀር የትም ቢመታ፣ የጥይት መከላከያ የለበሰውንም ሰው ቢሆን፣ በአንድ ጥይት ይጥላል። ዋጋው 4,750 ዶላር ነው።

ገንዘቡ ግን ከዋጋው አንዱ ብቻ ነው። መሣሪያውን የያዘ ሰው ሲሮጥ ይዘገያል፤ አንድ ጥይት ከተኮሰ ሁለተኛውን ለመተኮስ ብረቱን መሳብ አለበት፤ በቅርብ ከደረሱበትም ጥቅሙ ያነሰ ነው። ከ2012 ወዲህ በወጣው ቅጂ ሌላው ጠመንጃ ጠላት ሲገድል 300 ዶላር ሲያስገኝ፣ ኤ.ደብልዩ.ፒ. የሚያስገኘው 100 ብቻ ሆነ። ይበልጥ የሚያስፈራው ደግሞ ባለ መሣሪያው ሲሞት ጠመንጃው መሬት ላይ መውደቁና ጠላት በነጻ ማንሣቱ ነው፤ ቡድኑ ተባብሮ ያጠራቀመው ሀብት በሚቀጥለው ዙር ወደ ራሱ ቡድን ይተኩሳል። ያም ሆኖ ጥላቻው ቀላል አልነበረም። ብዙ የግል አገልጋይ ኮምፒውተር ባለቤቶች ይህን ጠመንጃ ፈጽሞ ከልክለው ያጫውቱ ነበር። በትልልቆቹ ውድድሮች ግን ማንም ሊያግደው አላሰበም። ቫልቭም ጥይቱን ከማዳከም ይልቅ በዙሪያው ያለውን ማጥበቅ መረጠ፤ በ2015 መነጽሩን አድርጎ የሚራመድን ሰው ፍጥነት ቀነሰ፤ በኖቬምበር 2022 ደግሞ የካርታውን ጥይት ከ10 ወደ 5 አወረደ። በነዚህ ለውጦች ሁሉ 4,750 ዶላር የሚለው ዋጋ አልተነካም፤ አንዷ ጥይትም መግደሏን አልተወችም።

ይኸው ቫልቭ በኖቬምበር 2004 ባወጣው ሃፍ ላይፍ 2 ሌላ ነገር አሳይቷል። ከመጨረሻው በፊት ባለው ምዕራፍ ተጫዋቹ ወደ ጠላት ሕንፃ ሲገባ መሣሪያዎቹ በሙሉ ተነጥቀው ይጠፋሉ፤ ዕቃ ለመሳብና ለመወርወር ብቻ ያገለግል የነበረው የስበት ጠመንጃ ግን እዚያው ከልክ በላይ ኃይል ጨምሮ ወታደሮችን ራሳቸውን እያነሣ ይወረውራል። ተቀናቃኝ ሰው የለበትም፤ ጨዋታውም ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ ስለዚህ ማንንም አይበድልም።

በ2017 የሆነው ግን ሌላ ነው። ዳይስ የተባለው የስቶክሆልም ድርጅት ለኤሌክትሮኒክ አርትስ የሠራው ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2፣ ሆን ተብለው ከልክ በላይ የተጠናከሩ ጀግኖች አሉበት። ዳርዝ ቬደርና ሉክ ስካይዎከር ተራ ወታደሮችን በሰይፋቸው እንደ ሣር ያጭዳሉ። በውጊያው መካከል እነርሱን ለማውጣት ተጫዋቹ በዚያው ውጊያ በራሱ ተጋድሎ የውጊያ ነጥብ ማጠራቀም አለበት። ይህ ዋጋ በሜዳው ላይ፣ በሁሉም ፊት የሚከፈል ነው፤ ከኤ.ደብልዩ.ፒ. ዋጋ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ነዳፊዎቹ በዚህ ቢያቆሙ ኖሮ ስለ እነርሱ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

ነገር ግን ሁለተኛ ዋጋ ነበረ። የውጊያ ነጥቡን ከመክፈሉ በፊት ተጫዋቹ ጀግናውን አንድ ጊዜ በክሬዲት መክፈት ነበረበት፤ ቬደርም ሉክም እያንዳንዳቸው 60,000 ክሬዲት ተተመነባቸው። ክሬዲት ቀስ እያለ በጨዋታ ይገኛል። ከዚህ ጎን ደግሞ የዕጣ ሣጥኖች ነበሩ። ሣጥኑ በክሬዲት ወይም በእውነተኛ ገንዘብ በሚገዛ የጨዋታ ክሪስታል ይገዛል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይከፈት አይታወቅም፤ የሚገኘው ካርድ ደግሞ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹን ኃይል የሚጨምር ነበር። ሁለት ሰዎች በሜዳ ላይ ሲገናኙ አንደኛው የተሸነፈው በችሎታ ይሁን በሌላው ሰው የባንክ ሒሳብ ሊያውቅ አይችልም። የቢ.ኤፍ.ጂ. ድምፅ ጠላትን ያስጠነቅቃል፤ የወርቃማው ሽጉጥ አንድ ጥይት ለሁሉም የታወቀ ነው፤ ይህ ግን ዋጋው የተከፈለበት ስፍራ ከጨዋታው ውጭ ስለ ሆነ ማንም ሊመለከተው ወይም ሊመክተው አይችልም።

ቍጣው ጨዋታው በይፋ ከመውጣቱ በፊት ተነሣ። ሙሉውን ጨዋታ በገንዘባቸው ገዝተው ሳለ በጣም የታወቀውን ገጸ ባሕርይ ለማግኘት ለብዙ ሰዓት መድከም ወይም እንደ ገና መክፈል የሚኖርባቸው ሰዎች ዝም አላሉም። በኖቬምበር 13 ቀን ኩባንያው የጀግኖቹን ዋጋ በ75 ከመቶ ቀንሶ ቬደርን 15,000 ክሬዲት አደረገው። ይህም አላበረደም። በኖቬምበር 16፣ ማለትም ጨዋታው ለሽያጭ ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በእውነተኛ ገንዘብ መግዛት በጠቅላላው ታገደ።

ጉዳዩ ከጨዋታ አልፎ ወደ መንግሥታት ዘለቀ። የቤልጂየም የቁማር ጨዋታዎች ኮሚሽን ምርመራ ከፍቶ፣ በኤፕሪል 2018 በሌሎች ሦስት ታዋቂ ጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ የሚሸጡት የዕጣ ሣጥኖች የአገሪቱን የቁማር ሕግ የሚጥሱ ናቸው ሲል አስታወቀ፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እሥራትና እስከ 800,000 ዩሮ ሊደርስ እንደሚችል፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉበትም እጥፍ እንደሚሆን ተገለጸ። ባትልፍሮንት 2 በዚያ ዝርዝር ያልገባው ሽያጩን አስቀድሞ ስላቆመ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በማርች 21 ቀን 2018 በወጣው ማሻሻያ፣ ጀግኖቹ በሙሉ ለሁሉም ተጫዋች ያለ ክፍያ ተከፈቱ፤ ኃይል የሚጨምሩት ካርዶችም በጨዋታ ብቻ የሚገኙ ሆኑ። የቬደር ሰይፍ አልደነዘም፤ በውጊያው መካከል እርሱን ለማውጣት የሚጠየቀውም የውጊያ ነጥብ እንደ ቀድሞው መከፈሉን ቀጠለ።